ትናንሽ ልጆች ይዞ ድንኳን ውስጥ ማደር፦ ከሴንት ፖል እስከ ሱፒሪየር ሐይቅ ዳር

የመጀመሪያዋ የካምፕ ሌሊታችን ያበቃችው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ አራታችንም መኪና ውስጥ ገብተን፣ ሞተር አስነስተን፣ እጃችንን ማሞቂያው ላይ ዘርግተን። ጁን ነበር። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ በካናቴራ ሲሯሯጡ ስለዋሉ ሌሊቱ እንዲህ ይከፋል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ደርበናል፤ ከሥር ከጓደኛ የተዋስነው ትልቅ የአየር ፍራሽ አለ። የሁለት ዓመቱ ልጃችን ግን ጥርሱ እስኪንገጫገጭ ተንቀጠቀጠ። ሲነጋ፣ ልናየው የሄድነውን ፏፏቴ እንኳ ሳናይ፣ ድንኳኑን እንደነገሩ ጠቅልለን ወደ ቤት ተመለስን።

ለእናቴ በስልክ ስነግራት መጀመሪያ ተቆጣች፤ "አንቺ ልጅ፣ ቤት እያለሽ ሕፃን ደጅ ታሳድሪያለሽ?" ቀጥላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ "ለመሆኑ ከሥር ምን አነጠፍሽ?"

እናቴ የደብረ ብርሃን ሰው ናት። ብርድ ከመሬት እንደሚመጣ፣ ጀንዲ ወይም አጎዛ ያልተነጠፈበት መደብ ላይ ጋቢ ቢደራረብ እንደማይሞቅ ከልጅነቷ ታውቃለች። እኔም አውቀው ነበር፤ አሜሪካን አገር ፍራሽ ላይ መተኛት ሲለመድ ተረሳኝ እንጂ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ወደ ሰሜን እንወጣለን፤ መኪና ውስጥ ያደረ ሰውም የለም።

ይህን የምጽፈው ሚኒሶታ ለሚኖሩና ልጆቻቸው ገና ትናንሽ ለሆኑ ወላጆች ነው። ከጉዞው ሁሉ የሚከብደው ሌሊቱ ነው፤ ቀኑ ራሱን ይችላል፤ ልጅ ድንጋይና ውኃ ካገኘ ሌላ አይፈልግም። ስለዚህ ከምነግራችሁ አብዛኛው ስለ ሌሊት ቢሆን አትደነቁ። ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።

1. ወዴት እና መቼ

ከሴንት ፖል በ35 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን 150 ማይል ያህል ነድታችሁ ዱሉዝ ትደርሳላችሁ። ሳይቆሙ ከሄዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ልጅ ከተያዘ ግን ሦስት ሰዓት ተኩል ብላችሁ ተነሡ፤ ሂንክሊ ላይ ሽንት ቤት መውረድ አይቀርም። ዱሉዝ መግቢያ ላይ ቁልቁለቱን ስትጀምሩ ሐይቁ በአንድ ጊዜ ፊታችሁ ይዘረጋል። ሱፒሪየር የጣናን ከ20 እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ማዶው አይታይም። ልጄ "ባሕር!" ብላ ስትጮህ አላረምኳትም። ነባሮቹ ኦጅብዌዎችም "ጊቺ ጋሚ" ነው የሚሉት፤ ታላቅ ባሕር እንደማለት ነው።

ከዱሉዝ ወዲያ 61 ቁጥር መንገድ ሐይቁን በስተቀኝ ይዞ እስከ ካናዳ ድንበር ይሄዳል። የግዛቱ ፓርኮች በዚህ መንገድ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተደርድረዋል፦ ጉዝቤሪ ፎልስ፣ ስፕሊት ሮክ ላይትሃውስ፣ ቴተጉሽ፣ ቴምፐራንስ ሪቨር፣ ካስኬድ ሪቨር። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ቤተሰብ የእኔ ምርጫ ጉዝቤሪ ነው። ከዱሉዝ 40 ማይል ያህል ነው፤ ከጎብኚዎች ማእከሉ እስከ ፏፏቴው ያለው መንገድ አጭርና ለሕፃን ጋሪ የሚመች ነው። ከዱሉዝ ሳይርቅ መቆየት የሚፈልግ በሴንት ሉዊስ ወንዝ ላይ የተንጠለጠለ ድልድይ ያለበትን ጄይ ኩክን ይሞክር። ልጆች ያን ድልድይ አሥር ጊዜ ካልተመላለሱበት አይወጡም። ግራንድ ማሬይ ከተማ ከዱሉዝ 110 ማይል ያህል ስለምትርቅ ለሦስተኛው ጉዞ ትቆይ። ስፕሊት ሮክ ደግሞ ነባሩ የካምፕ ሰፈር ጓዝ በእጅ ጋሪ እየተገፋ የሚገባበት ነው፤ ቦታ ስትመርጡ ይህን አይታችሁ ምረጡ፤ በአንድ እጅ ጋሪ፣ በሌላው የሚያለቅስ ልጅ መያዝ አይሆንም።

ወቅቱን በተመለከተ ጁንን አልመክርም። ትንኙና ጥቁር ዝንቡ ያኔ ነው የሚብሰው፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ፀሐይ ስላለች ልጅ አይተኛም፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት አልፎ ወዲያው ደግሞ ይነጋል። ኦገስት ይሻላል፤ ትንኙ ይቀንሳል፣ ምሽቱ ቶሎ ይጨልማል። ይህ ወቅት ከፍልሰታ ጾም ጋር ይገጥማል፤ ስለ ስንቅ ስናወራ እንደምታዩት ለካምፕ ይበጃል እንጂ አይጎዳም። ሴፕቴምበር መጨረሻ፣ በመስቀል ሰሞን፣ ኮረብታው ላይ ያሉት ሜፕል ዛፎች ቀይና ብርቱካንማ ይሆናሉ፤ ሌሊቱ ግን ወደ በረዶ ሊጠጋ ይችላልና እሱን ልምድ ካገኛችሁ በኋላ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሴንት ፖል ላይ 90 ዲግሪ ፋራናይት ሲያቃጥል ሐይቁ ዳር 60 ሊሆን ይችላል። የአየር ትንበያ ስታዩ የቤታችሁን ሳይሆን የምታድሩበትን ቦታ፣ ከቀኑም የሌሊቱን ቁጥር እዩ። ጁላይ ውስጥ እንኳ 55 ፋራናይት (13 ሴልሺየስ) የተለመደ ነው።

2. ቦታ መያዝ

የሚኒሶታ የግዛት ፓርኮች የካምፕ ቦታ የሚከፈተው ከማደሪያው ቀን 120 ቀን ቀድሞ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። የሳመር ቅዳሜና እሑድ በሐይቁ ዳር ወዲያው ያልቃል። ለመስቀል፣ ማለትም ለሴፕቴምበር 27 ሌሊት፣ ቦታ የፈለገ ሰው ሜይ 30 ቀን ጠዋት ቡናውን ይዞ ኮምፒውተሩ ፊት መቀመጥ አለበት። ሥራችሁ ከፈቀደ እሑድ ገብታችሁ ማክሰኞ ውጡ፤ ቦታም ይገኛል፣ ጫጫታም የለም።

ካርታው ላይ ቦታ ስትመርጡ ከሽንት ቤቱ ሁለት ሦስት ቦታ ራቅ ያለውን ያዙ። ፊት ለፊቱ ከሆናችሁ የበሩ ድምፅና መብራቱ አያስተኛችሁም፤ በጣም ከራቃችሁ ደግሞ በእኩለ ሌሊት "ሽንቴ መጣ" የሚል ልጅ ተሸክማችሁ ትሮጣላችሁ። ገደልና ወንዝ ጥግ ያለውን፣ እይታው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ልጆቹ እስኪያድጉ ተዉት።

በአንድ ቦታ የሚፈቀደው ብዙውን ጊዜ እስከ 6 ሰው ነው። እኛ ደግሞ "እስቲ እነ እገሌንም እንጥራቸው" ማለት ይቀናናል። ሦስት ቤተሰብ ከሆናችሁ ጎን ለጎን ያሉ ቦታዎችን ወይም ለቡድን የተዘጋጀውን የካምፕ ሰፈር አስቀድማችሁ ያዙ፤ ደርሶ መለመን አይሠራም።

መኪናው የፓርክ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የቀንም የዓመትም አለ። በዓመት ደጋግማችሁ የምትወጡ ከሆነ የዓመቱ ወጪውን ይመልሳል። አንዳንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም ፈቃዱን እንደ መጽሐፍ ያውሳሉ፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ጉዝቤሪን ለአንድ ሰዓት አይቶ ማለፍ ብቻ የሚፈልግ በጎብኚዎች ማእከሉ ማቆሚያ ያለ ፈቃድ መቆም ይችላል፤ የአውራ ጎዳናው ማረፊያም ስለሆነ ነው።

ድንኳን ጨርሶ የሚያስፈራው ካለ በብዙ ፓርኮች ውስጥ ትንንሽ የእንጨት ጎጆዎች ይከራያሉ፤ ተደራራቢ አልጋ አላቸው፣ አንሶላና ብርድ ልብስ ግን ከቤት ነው። አማት ወይም እናት ይዞ ለመውጣት ከጎጆ የተሻለ ነገር አላየሁም።

3. ከመውጣት በፊት መለማመድ

መጀመሪያ ሳሎን ውስጥ ድንኳኑን ዘርጉና ልጆቹ አንድ ሌሊት ይተኙበት። ጓሮ ያለው ጓሮ ውስጥ ያድርገው። ቀልድ አይደለም፤ የዚፑ ድምፅ፣ የጨርቁ ሽታ፣ የጣሪያው ቅርበት ለልጅ አዲስ ነገር ነው። አዲሱን ነገር ሁሉ በአንድ ሌሊት፣ በዱር ውስጥ፣ በጨለማ ማስተዋወቅ ተገቢ አይደለም። እናንተም ድንኳኑን መትከል የምትማሩት ዝናብ ሲጀምር መሆን የለበትም።

ሁለተኛው ልምምድ ከቤት አንድ ሰዓት ባልበለጠ ርቀት ይሁን። በሴንት ክሮይ ወንዝ ዳር ያለው ዊልያም ኦብራየን ለእኛ ጥሩ ሆኖልን ነበር። ሌሊት ላይ ነገር ከተበላሸ ጠቅልሎ ወደ ቤት መሄድ ይቻላል፤ ማንም ሰው አይፈርድባችሁም።

ዕቃ ለመግዛት ለሚያመነታ ደግሞ የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት "አይ ካን ካምፕ" የሚል ፕሮግራም አለው። ድንኳን፣ ፍራሽና ምድጃ እነሱ ያቀርባሉ፣ የሚያስተምርም ሰው አለ፤ ምግብና መኝታ ልብስ ይዞ መሄድ ነው። ጀማሪ ሆኜ ባውቀው ኖሮ ያቺን የጁን ሌሊት አላይም ነበር።

4. የሌሊቱ ጓዝ

ከሥር እንጀምር። ትልልቆቹ የአየር ፍራሾች ውስጣቸው ባዶ ነው። አየሩ እንደልብ ስለሚንቀሳቀስ የሰውነታችሁን ሙቀት ወደ መሬት ያወርደዋል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ላይ እንደመተኛት ነው። የሚያስፈልገው ለካምፕ ተብሎ የተሠራ ስስ ፍራሽ ነው። መሸጫው ላይ "አር ቫልዩ" የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ ብርድን ምን ያህል እንደሚከለክል ይናገራል። ለሐይቁ ዳር የሳመር ሌሊት ከ3 እስከ 4 ያለው ይበቃል። ቁጥሩ ይደመራል፦ 2 የሆነ የስፖንጅ ንጣፍ ላይ ሌላ 2 ብትደርቡ 4 ይሆናል። ያላችሁን የአየር ፍራሽ መጣል ከከበዳችሁ በላዩ ላይ የስፖንጅ ንጣፍና ወፍራም ብርድ ልብስ አንጥፉ። እናቴ ይህን ሳስረዳት "ታዲያ አጎዛ ነዋ!" አለች። አዎ፣ አጎዛ ነው። በነገራችን ላይ የበግ አጎዛ ያለው ሰው ያምጣው፤ ሕፃናት እላዩ ላይ ድብን ብለው ነው የሚተኙት።

ከላይ፦ ስሊፒንግ ባግ ስትገዙ የተጻፈበትን ዲግሪ እንዳለ አትመኑት። 40 ፋራናይት የሚለው ብዙውን ጊዜ በ40 ፋራናይት ትተርፋላችሁ ማለት ነው፤ ይመቻችኋል ማለቱ አይደለም። ከሚጠበቀው ብርድ 10 ወይም 15 ዲግሪ ዝቅ ያለውን ምረጡ። ለልጅ የአዋቂ ስሊፒንግ ባግ በጣም ትልቅ ነው፤ ባዶው ቦታ ይበርዳል፤ የልጅ ልክ ካላገኛችሁ የግርጌውን ትርፍ ወደ ሥር አጥፋችሁ እሰሩት። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግን ስሊፒንግ ባግ ውስጥም፣ የተደራረበ ብርድ ልብስ ሥርም አይገባም፤ እንዳይታፈን ራሱ የሚለብሰው የመኝታ ልብስ ይኑረው። ለዚህ ዕድሜ ሞቃታማ ሌሊት መምረጥ ወይም ጎጆ መከራየት ይሻላል።

የመኝታ ልብስ ለብቻው በላስቲክ ታስሮ እስከ ማታ አይነካ። ቀን ላይ የዋለበት ልብስ ደረቅ ቢመስልም ላብ አለበት። ደረቅ ካልሲ፣ ረጅም ሱሪ፣ የሱፍ ቆብ። ጥጥ አንዴ ከረጠበ አይደርቅም፤ ስለዚህ ጋቢ ከድንኳን ውጭ አይውጣ። ውስጥ ግን የሚተካው የለም፤ ሌሊት ልጅ ሲነቃ ጋቢ አልብሶ አቅፎ ማስተኛት አገር ቤት የነበርን ያስመስላል።

ሁለት ትንንሽ ብልሃቶች። አንደኛው፣ ከመኝታ በፊት ትኩስ አጥሚት መስጠት፤ ሆዱ የሞላ ልጅ አይበርደውም። ሁለተኛው፣ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ጠንካራ ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውኃ ሞልቶ፣ በወፍራም ካልሲ ጠቅልሎ፣ ልጆቹ ከመግባታቸው ግማሽ ሰዓት በፊት ስሊፒንግ ባጉ እግርጌ ማስቀመጥ። ልጁ ሲገባ ጠርሙሱን አውጡት።

ፖፖውንም አትርሱ። የአራት ዓመት ልጅ "እኔ ትልቅ ነኝ" ቢልም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ድቡ ትዝ ሲለው ፖፖውን ይፈልጋል።

5. ስንቅ

ስለ እንጀራ ከስሕተታችን ልንገራችሁ። ኩለር ውስጥ አስገባነው፤ በረዶው ሲቀልጥ እንጀራው ተበጣጠሰ። እንጀራ ኩለር ውስጥ አይገባም፤ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ጥላ ውስጥ፣ ለመጀመሪያው ማታና ለማግስቱ ብቻ። ከዚያ ለሚቀጥለው ቀን ድርቆሽ ያዙ። ድርቆሽ ድሮም የመንገደኛ ስንቅ ነው፤ አይበላሽም፣ አይከብድም፤ ቁሌት ሠርቶ ፍርፍር ማድረግ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ቁሌቱን ቤት ሠርታችሁ በትንሽ ዕቃ አቀዝቅዛችሁ ውሰዱ፤ ካምፕ ላይ ሽንኩርት መክተፍ ጉልበት ማባከን ነው።

ለመንገድና ለእግር ጉዞ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ። በሶን በማር አሽታችሁ ትንንሽ ድቡልቡል ብታደርጉት ልጆች ከሱቅ ቸኮላት አይለዩትም። (ለትንንሾቹ ቆሎ አትስጡ፤ ያንቃል።) ቋንጣ ለአዋቂ ነው። ፍልሰታ ላይ ከወጣችሁ ደግሞ ሥራው ይቀልላል፦ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ስለሌለ በረዶ መለወጥ ቀረ፤ ሽሮ ዱቄት፣ የተፈጨ ምስር፣ ዘይት፣ ጎመን፣ ድንች ከያዛችሁ ሦስት ቀን ትቆያላችሁ። ትንንሾቹ ስለማይጾሙ ለእነሱ ፓስታ ጨምሩ።

6. ድንኳን መትከል

ቀን ድረሱ። ከፀሐይ መጥለቅ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ከሁሉም ይበልጣል። "ስድስት ሰው" የሚል ድንኳን ለአራት ሰው ነው፤ ቁጥሩ እንደ ሰርዲን ተደርድሮ የተቆጠረ ነው።

ቦታውን ከመርገጣችሁ በፊት ወደ ላይ እዩ። የደረቀ ዛፍ ወይም የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ካለ ከሥሩ አትትከሉ። ከዚያ ወደ ታች እዩ፤ ውኃ የሚቋጥር ጎድጓዳ ይቅርባችሁ፣ ትንሽ ከፍ ያለውን ምረጡ። ሥሩ የሚነጠፈው ሸራ ከድንኳኑ ጠርዝ ወደ ውጭ መውጣት የለበትም፤ ከወጣ ዝናቡን ሰብስቦ ሥራችሁ ያስገባዋል። ካስማውን አናቱን ከድንኳኑ ወደ ውጭ አዘንብላችሁ ምቱት፤ ቀጥ ካለ ነፋስ ይነቅለዋል። የላይኛው የዝናብ ልባስ ከውስጠኛው ጨርቅ ጋር እንዳይነካካ ወጥሩት። ሰማዩ ጥርት ቢልም ልባሱ ይጫን። አየር ማስገቢያዎቹን ግን አትዝጉ፤ የአራት ሰው ትንፋሽ ሌሊቱን ጣሪያው ላይ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል።

ነጎድጓድ ከመጣ ድንኳን መጠለያ አይደለም። ልጆቹን ይዛችሁ መኪና ውስጥ ግቡ።

7. እሳት እና ቡና

እንጨት ከቤት አትውሰዱ። በግዛቱ ፓርኮች ውስጥ የተፈቀደው የተረጋገጠ እንጨት ብቻ ነው፤ ፓርኩ ቢሮ ወይም እዚያው አካባቢ ይሸጣል። ምክንያቱ አሽ የሚባለውን ዛፍ የሚጨርሰው አረንጓዴ ጥንዚዛ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው 2009 እዚሁ ሴንት ፖል ነው፤ የተቆረጡትን የመንገድ ዳር ዛፎች አይታችሁ ይሆናል። ጥንዚዛው በማገዶ እንጨት ተደብቆ ይጓዛል።

ጭራሮ፣ ከዚያ ቀጭን ፍልጥ፣ ከዚያ ወፍራሙ። ይህን ለአገራችን ሰው ማስተማር አያስፈልግም። ለልጆቹ ግን ከእሳቱ ሦስት የአዋቂ እርምጃ ርቃችሁ በእንጨት ክብ መሥመር አስምሩ፤ "ከዚህ መሥመር ወዲህ ሩጫ የለም" በሏቸው። መሥመር የሚታይ ነገር ስለሆነ ከ"ተጠንቀቁ" ይልቅ ይሠራል።

አሁን ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ የማትረሱትን ልንገራችሁ። የቡና ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም። ሊጠፋ የደረሰ ረመጥም ቢሆን፣ በሩ ቢከፈትም፣ ውጭ ቢዘንብም አይገባም። የጋዝ ምድጃም እንዲሁ። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። አገር ቤት ብርድ ሲብስ ከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት የለመድን ሰዎች ነን፤ በዚያም ስንት ቤት አዝኗል። ድንኳን ከዚያ ክፍል ይጠባል።

ቡናውስ? ውጭ ነዋ። ጀበናውን በነጠላ ጠቅልላችሁ ልብስ መሐል አድርጋችሁ አጓጉዙት። ሲኒ ተዉ፣ የብረት ኩባያ ያዙ፤ እናቴ ይህን ስታይ ፊቷን ብታዞርም። ቡናው ቤት ተቆልቶ ተፈጭቶ ይምጣ፤ ወይም በጋዝ ምድጃው ላይ ቁሉት፤ ጎረቤት ካምፕ ላይ ያለው ሰው ሁሉ በጭሱ ተስቦ ይመጣል። እኛ በዚህ መንገድ ሁለት ቤተሰብ ተዋውቀናል። ሦስተኛው እስኪጠጣ ግን ሰዓቱን እዩ፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት የጸጥታ ሰዓት ነው፤ የእኛ ሳቅ ደግሞ በዛፍ መሐል ሩቅ ይሰማል።

እሳቱን ስታጠፉ አንድ የለመድነውን ነገር መገልበጥ አለብን። እናቶቻችን ማታ እሳት ይዳፍናሉ፤ ረመጡን አመድ አልብሰው ለነገ ያሳድሩታል። ጫካ ውስጥ ይህ ወንጀል ነው ማለት ይቻላል። አመድ ያለበሰው ረመጥ ጠዋት ድረስ ይኖራል፤ ነፋስ ሲገልጠው ጫካ ያቃጥላል፣ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅም ይረግጠዋል። ውኃ አፍስሱ፣ በእንጨት አማስሉ፣ እንደገና ውኃ አፍስሱ፤ የእጃችሁን ጀርባ አስጠግታችሁ ሙቀት እስካልተሰማችሁ ድረስ አትተዉት።

8. ድብ

አለ። ጥቁሩ ድብ ነው፤ ሰው ይፈራል፣ ምግብ ግን ይወዳል። ማታ ምግብ፣ ኩለር፣ ቆሻሻ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የሕፃን ቅባት፣ ብስኩት የነካው የልጅ ኪስ ሳይቀር መኪና ውስጥ ተቆልፎ ይደር። ድንኳን ውስጥ አንድ ፍሬ ዳቦ ቆሎ እንኳ አይቅር። በዚህ ሁሉ ዓመት ድብ አላየንም፤ የቀረንን ዳቦ የዘረፈን ቺፕመንክ የሚባል፣ ከሽኮኮ የሚያንስ እንስሳ ነው።

9. ማስተኛት

የቤቱን ሥርዓት እንዳለ ውሰዱት፦ ጥርስ፣ ሽንት፣ ተረት፣ ጸሎት። በተለመደው ቅደም ተከተል ከሄደ ልጅ ቦታው መለወጡን ይረሳዋል። ትንሹን መሐል አስገቡት፣ ከድንኳኑ ግድግዳ አርቁት፤ ግድግዳው ይረጥባልና። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ የእጅ ባትሪ ይኑረው፤ ባትሪው ይለቅ፣ ግድ የለም።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ተነሥታችሁ አንገታቸውን ከኋላ በእጃችሁ ንኩ። እጅና አፍንጫ ቢቀዘቅዝ አይግረማችሁ፤ አንገት ከሞቀ ልጁ ደኅና ነው። አንገቱ ከቀዘቀዘ ወዲያው ወደ እናንተ አስጠጉት።

10. ቀኑ

ውኃው ላይ ቀልድ የለም። ሱፒሪየር በሳመርም በጣም ቀዝቃዛ ነው፤ እግር ነክሮ መጮህ ይበቃል። ለመዋኘት ከሐይቁ ገባ ብለው ያሉትን ትንንሽ ሐይቆች ፈልጉ። ከፏፏቴ በላይ ባለው ወንዝ ውስጥ ልጅ አይገባም፤ ድንጋዩ ያዳልጣል። ጀልባ ከተከራያችሁ ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ የሕይወት ጃኬት እንዲለብስ ሕጉ ያስገድዳል።

ልጆች ቀኑን ሙሉ የሚይዛቸው አጌት ፍለጋ ነው፤ ለፀሐይ ሲያዝ የሚያበራ፣ ቀይ መሥመር ያለው ድንጋይ። የሚኒሶታ መለያ የከበረ ድንጋይ ነው። ፓርክ ውስጥ ግን ማንሣት ክልክል ስለሆነ ቱ ሃርበርስ ከተማ ዳር ባሉት የሕዝብ ዳርቻዎች ፈልጉ። ስፕሊት ሮክ ላይ ያለው የመብራት ማማ ደግሞ በ1905 ኖቬምበር ብዙ መርከቦች በማዕበል ከተጎዱ በኋላ ተሠርቶ በ1910 የበራ ነው፤ ታሪኩን አስቀድማችሁ ከነገራችኋቸው ደረጃውን ሳያጉረመርሙ ይወጡታል።

ማታ ማታ መዥገር ፈልጉ። የአጋዘን መዥገር "ላይም" የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል፤ ቶሎ ከተነቀለ ግን የማስተላለፍ ዕድሉ ያንሳል። ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት፣ እምብርት፣ ጉልበት ኋላ፣ ብሽሽት። ልጃችሁ ሹሩባ ከተሠራች በየመሥመሩ ጣታችሁን አሳልፉ። ካገኛችሁ በወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግታችሁ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፤ ቅቤ መቀባት፣ በክብሪት ማቃጠል የሚባለውን ተዉ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ወይም እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ከታየ ሐኪም ጋ ውሰዱት። የትንኝ መከላከያ ሁለት ወር ላልሞላው ሕፃን አይቀባም፤ ለእሱ ጋሪውን በመረብ ሸፍኑት።

ስልክ በ61 ቁጥር መንገድ ላይ በየቦታው ይጠፋል። ካርታውን ቤት ሳላችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ የፓርኩን ስምና የቦታችሁን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ መኪናው ውስጥ ለጥፉ። ዱሉዝ፣ ቱ ሃርበርስና ግራንድ ማሬይ ሆስፒታል አላቸው።

11. መመለስ

ጠዋት ሲጠቀለል ድንኳኑ በጤዛ እርጥብ ነው። ልጆቹ ተኝተው፣ እናንተም ደክማችሁ፣ "ነገ አወጣዋለሁ" ትላላችሁ። አታድርጉት፤ በሁለት ቀን ውስጥ ይሻግታል፤ ያ ሽታ ደግሞ አይለቅም። ቤት እንደገባችሁ ከሌላው ጓዝ በፊት ድንኳኑን አውጥታችሁ ቤዝመንት ውስጥ በገመድ ስቀሉት፤ ካስማዎቹን ቆጥራችሁ አስገቡ። የእኛው ያቺን የጁን ቀን እርጥቡን ተጠቅልሎ ለሳምንት መኪና ውስጥ ስለቆየ አሁንም ሲዘረጋ ልጆቹ አፍንጫቸውን ይይዛሉ።